አርባው እስኪሞላ

የቲማቲም ችግኝ ስነካ እጄ ላይ የሚቀረው ሽታ፣ ልጅ ሳለሁ አምበር ከተማ እናቴ አራስ ሆና ወደ ተኛችበት ጓዳ ይመልሰኛል። ደጁ የጥር ውርጭ ስለነበር ዘሩን በጣሳ ዘርታ ከአልጋዋ ሥር አስቀምጣው ነበር።

«ልጁም ችግኙም አርባው ሲሞላ አብረው ይወጣሉ» አለችኝ።

ወንድሜ ለክርስትናው ሳይደርስ ሞተ። ችግኙ ግን ወደ በሩ ብርሃን ተንጋዶ፣ ቀጥኖ አደገ።

«እማ፣ ውርጩ እኮ አልፏል፤ ላውጣው?» አልኳት።

«ተይው ልጄ፣ ደጅ ይበርዳል» አለችኝ በደከመ ድምፅ። ደጁ ግን ፀሐይ ነበር።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ ቤት ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ያፈላሁትን ችግኝ ልጄ አንስታ «ላውጣው?» አለችኝ። «ይበርዳል» ልላት ቃሉ አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩትና፣ ደክሞኝ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ በሩን ከፈትኩላት።