ሥሩ ነጭ የሆነ ፀጉር

የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሠራተኞች «እትዬ ጭልፋ» ይሏታል። ጭልፋ ከእጇ የሚለየው ስትተኛ ብቻ ነው እያሉ ይቀልዱባታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለበሽተኛ ስታበስል አንድ ሰሃን ተመልሶባት አያውቅም። ዘንድሮ ግን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሰሃን ተመለሰ። በሁለቱም ውስጥ ፀጉር ነበረ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሦስተኛው መጣ።

የበሽተኞችን ምግብ የምትቆጣጠረው ሲስተር ሾርባውን እንደያዘች ገባች። ፀጉሩን ከሾርባው ሰሃን ጠርዝ በወረንጦ አንሥታ ባዶ ሰሃን ላይ አጋደመችው።

«ትናንት ቀዶ ጥገና የተደረገላት ሴት ናት ከአፏ የጎተተችው» አለች። «ሁለት ጊዜ አስጠንቅቄ አልፌያለሁ። የዚህ ፀጉር ባለቤት ዛሬውኑ ከዚህ ትወጣለች።»

የሁሉም ዓይን ሰሃን አጣቢዋ ላይ አረፈ። «ሹሩባ» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም፤ ፀጉሯ ከሻሿ እያመለጠ ትከሻዋ ላይ ይወርዳል።

«ረጅም፣ ጥቁር» አለች ሲስተር ወደ እሷ እያየች። «ሌላ ማን አለ?»

«እኔ ድስት አጠገብ ደርሼ አላውቅም፣ ሲስተር! ልጆቼን ይንሳኝ! እኔ የማውቀው የታጠበና ያልታጠበ ሰሃን ነው።»

«ታዲያ ፀጉሩ ክንፍ አውጥቶ በረረ?» አለች ሽንኩርት ከታፊዋ። ጥቂቶች ሳቁ።

እትዬ ጭልፋ አልሳቀችም። ሰሃኑ ላይ ጎንበስ አለች። ሲስተር መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች ነውና ያላየችውን እሷ አየችው። ፀጉሩ ጥቁር ነው፤ ሥሩ ላይ ግን የጥፍር ጫፍ የምታህል ነጭ አለችበት። የሹሩባ ፀጉር ደግሞ ቀለም ነክቶት አያውቅም፤ ሽበቷን ጥቁር የምትቀባው እሷው ራሷ ናት።

ሙቀት ከደረቷ ተነሥቶ ፊቷን አጥለቀለቀው። የምድጃው ይሁን፣ የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ ድንገት እየተነሣ የሚያቃጥላት ይሁን፣ መለየት አቃታት። ጠዋት ጠዋት ማበጠሪያው ላይ የሚቀረውን ፀጉር ለባሏ እንኳ ሳታሳይ በወረቀት ጠቅልላ ትጥላለች። ከሻሿ ሥር አናቷ ሳስቶ ቆዳዋ ይታያል። ብትናገር ምድጃዋን ታጣለች። ዝም ብትል ሹሩባ ሦስት ልጆቿን ይዛ ሜዳ ላይ መውደቋ ነው።

«ሽርጥሽን ፍቺ» አለች ሲስተር።

ሹሩባ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች። ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ አላት። ያን ጊዜ ጭልፋው ጠረጴዛው ላይ ቋ ብሎ አረፈ።

«ተዪ እህቴ፣ አትፍቺ» አለች እትዬ ጭልፋ። «ሲስተር፣ መነጽርዎን ያውርዱና ሥሩን ይዩት።»

ይህን ብላ ሻሿን በገዛ እጇ ፈታች። አራት አምስት ፀጉር ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ ወጣ። ሁሉም ሥሩ ነጭ ነው። ሽንኩርት ከታፊዋ አንገቷን ደፋች።

ሲስተር መነጽሯን አወረደች። መጀመሪያ ፀጉሩን፣ ቀጥላ የእትዬ ጭልፋን አናት አየች። ከዚያ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ ተመለከተች፤ ውስጡ ነጥቷል።

«ዛሬ ምን በሉ?»

«ቀምሻለሁ።»

«ምን ቀመሱ?»

«ጨውን ነዋ።»

ሹሩባን አላስችል አላት። «እኔ ልናገር! ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስሠራ የእሳቸውን ሰሃን አጥቤ አላውቅም። የሻይ ብርጭቆ ብቻ!»

«በሽተኛው ሁሉ ከበላ በኋላ...» ብላ ጀመረች እትዬ ጭልፋ፤ አልጨረሰችውም።

«በዚህ ዕድሜ ፀጉር ይሳሳል» አለች ሲስተር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሰውነት ለውጥ ነው፤ ምግብ ብቻውን አይመልሰውም። በባዶ ሆድ ላይ ሲሆን ግን ይብሳል። ደምዎን ይመርመሩ፤ ብረት ሳያንስዎት አይቀርም። እስከዚያ ምድጃው አጠገብ አይድረሱ። ቃሌን አላጥፍም።»

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ጭልፋ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከውስጥ የጭልፋዋ ድምፅ ይሰማታል፤ በሽንኩርት ከታፊዋ እጅ ነው። ምስሩን በጣም እያማሰለችው ነው፤ ሊፈርስ ነው። ልትነሣ ስትል ሹሩባ መንገዱን ዘጋችባት። የያዘችው ትሪ ላይ እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመንና ብርቱካን አለ፤ እንደ በሽተኞቹ ትሪም ስሟ የተጻፈበት ካርድ ተደርጎበታል።

«ይህን ሰሃን የማጥበው እኔ ነኝ» አለች። «ሳይነካ ቢመለስ እንጣላለን።»

እትዬ ጭልፋ ማንኪያውን አነሣች። እንግዳ ቤት የገባች ይመስል ዙሪያዋን አየች። ጎረሰች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች፤ ደግማም ጎረሰች።