ሰውየዋ ከጣራ ወረደ

የገዛ ድምፄን ከሌላ ሰው ስልክ የሰማሁት መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። ሶዶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በእረፍት ሰዓት የስፖርት መምህሩ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ «ይቺን ስሟት፣ በሳቅ ትሞታላችሁ» አለ። መጀመሪያ ተኩስ ተሰማ። ከተኩሱ በላይ አንዲት ሴት «ሰውየዋ ከጣራ ወረደ! ኧረ ሰውየዋ ወረደ!» ብላ ጮኸች። ከኋላዋ የዶሮ ጩኸት ገብቶበታል። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሴትየዋ እኔ ነበርኩ።

ያደግሁት እዚሁ ወላይታ፣ ገሱባ ነው። ቤታችን የሚነገረው ወላይትኛ ነው፤ አማርኛን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ሳስተምር አስቤ ስለምናገር አልሳሳትም። ስደነግጥ ግን ወንዱ ሴት፣ ሴቷ ወንድ ይሆኑብኛል። ይህን ስለማውቅ፣ በስልኬ የምጫወተውን የተኩስ ጨዋታ ስጀምር ለወራት ማይኬን አልከፈትኩም። ጨዋታው አራት ሆነው በቡድን የሚጫወቱት ነው፤ ጠላት በየት በኩል እንደመጣ ካልተነጋገሩ ቡድኑ ያልቃል።

የቡድናችን መሪ «ዲዳ ነሽ እንዴ? ክፈቺው እንጂ!» እያለ ይወተውተኝ ጀመር። በአካል አንተዋወቅም። ቦሌ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ ይለን ነበር፤ አማርኛው እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው። አንድ ቀን አለዝቦ «ማንም አይስቅብሽም፣ እኛ ቤተሰብ ነን» አለኝ። አመንኩት። ከዚያ በኋላ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ምሳ በልቼ፣ ማይኬን ከፍቼ እንደ ልቤ እጮህ ነበር። ደስ ብሎኝ እንደነበር መካድ አልችልም።

ማን እንደቀዳኝ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። ቅጂው የተለቀቀበትን የቴሌግራም ግሩፕ አገኘሁና ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ ደጋግሜ ሰማሁት። መጀመሪያው ላይ፣ ከተኩሱ ሥር፣ መሪያችን ለሌሎቹ ሁለቱ ሹክ ሲል ይሰማል፦ «እየቀዳሁ ነው፣ አስጩኋት።» ጻፍኩለት።

«አንተ ነህ የቀዳኸኝ?»

«ቀልድ ነው፣ አታካብጂ።»

«አጥፋው።»

«አንዴ ከወጣ ወጣ። እንዲያውም ታዋቂ አደረግኩሽ፣ አመስግኚኝ!»

በሳምንቱ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስጽፍ ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ በቀስታ «ሰውየዋ» አለ። ክፍሉ ሳቁን አፈነ። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። በስባሪው መጻፌን ቀጠልኩ። የዚያን ቀን የጀመረኝ ጥላቻ በተማሪው ላይ አልነበረም፤ በመሪያችን ላይ ነበር።

ስህተቴን እያየሁ ለመሻሻል ስል ጨዋታዎቻችንን ስልኬ ላይ እየቀዳሁ አስቀምጥ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በሬን ዘግቼ አንድ በአንድ አዳመጥኳቸው። የምፈልገው የእሱን ውርደት ነበር። አገኘሁት። እኔ ጨዋታው ውስጥ ቀድሜ ሞቼ፣ ስልኩን አስቀምጬ ወጥ ለማማሰል የሄድኩበት ቀን ነው። መሪያችን ማይኩን መዝጋት ረስቷል። እናቱ ጠሩት፤ እሱም በወላይትኛ መለሰላቸው፤ እዚሁ ወላይታ ያለችው የቤሌ ከተማ አካባቢ ሰው በሚናገረው፣ ምንም ቦሌ በሌለው ወላይትኛ። ቀጥሎ እናትየዋ ስልኩ አጠገብ መጡ መሰለኝ፣ ተኩሱን ሰሙ። የእውነት መስሏቸው በአማርኛ ጮኹብን፦

«ተዉ ልጆቼ፣ አትዋጉ! እግዚአብሔር ታያለች! ታረቁ! ቦይና ቀቅያለሁ፣ ኑ ብሉ!»

ሳቅሁ፤ በክፋት። ቆርጬ እዚያው ግሩፕ ላይ «የቦሌው ልጅ እናት» ብዬ ለጠፍኩት። ወዲያው ሰዎች ይስቁ ጀመር። «እግዚአብሔር ታያለች» የሚለውን ነጥለው አሥር ጊዜ እየደጋገሙ አቀነባበሩት። በዚያ ቅዳሜ እራቴን በደንብ በላሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ በሩ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ቆሞ ጠበቀኝ። ገና አፉን ሲከፍት በድምፁ አወቅሁት። ለካ የሚሠራው ከትምህርት ቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ በሚገኝ ቢሮ ኖሯል፤ «ሰውየዋ» የምትባለውን መምህርት ማግኘት አልከበደውም።

«አጥፊው» አለኝ።

«አንዴ ከወጣ ወጣ።»

«እናቴን ነው እኮ!»

«እኔስ የሰው ልጅ አይደለሁም? ማን ጀመረ?»

«እኔ ጀመርኩ።» ከዚህ በኋላ አማርኛውን ትቶ በወላይትኛ ቀጠለ። «ድምጿን የሰፈር ልጆች አወቁት። ቤሌ ገበያ ቅቤዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለች ከበው ‹ልጆቼ፣ አትዋጉ› አሏት። እሷ ምን አደረገች መሰለሽ? የታረቁ መስሏት መረቀቻቸው። እየሳቁባት መረቀቻቸው!»

ልመልስለት የያዝኩት ስድብ ነበረኝ። ተውኩት። ግን ይቅርታም አላልኩትም። እሱም አላለኝም። እሱ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች ሄድን።

ቤት ገብቼ የለጠፍኩትን አጠፋሁ። ሌሎች ያቀነባበሩት ግን በእጄ አልነበረም። የግሩፑን ኃላፊ «እባክህ የእኒያን እናት ድምፅ አውርደው፣ የእኔ ይቆይ» ብዬ ለመንኩት። መልስ የላከልኝ «ሰውየዋ ከጣራ ወረደ» የሚለውን ቅጂ ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመረበትም። ከግሩፑ ወጣሁ፤ ጨዋታውንም ከስልኬ አጠፋሁት።

ሁለት ጊዜ ቤሌ ሄጄ እናትየዋን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ መናኸሪያ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለተኛው ጊዜ መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀምጬ ነበር። ያደረግሁትን ባስረዳቸው የማያውቁትን ውርደት ልነግራቸው ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ለምን መጣሁ? ረዳቱ በሩን ሳይዘጋ ወረድኩ። ልጃቸውን መንገድ ላይ አንዳንዴ አየዋለሁ። እሱ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል፤ እኔ ቀድሜ ካየሁት እኔ እሻገራለሁ።