ከባዱ ሮቦትና የቡራዩ ግማሽ በር

ስለ ሁለት አሮጌ የሮቦት ጌሞች በቁም ነገር ለመጻፍ ዕድሜዬ አይፈቅድም፤ ስለዚህ በቁም ነገር እጽፋለሁ።

የመጀመሪያውን «ከባዱ» እንለው ነበር። ሮቦቱን የሚገጣጥመው ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ እግር ይመርጣል፣ ክንድ ይመርጣል፣ መሣሪያ ይጭንበታል። ካበዛበት ከጋራዡ ንቅንቅ አይልም። ከወጣም በኋላ አዟዟሩ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጠባብ መንገድ ላይ እንደሚዞረው ነው። ሁለተኛው «በራሪው» ነው። አየር ላይ ይዋጋል፣ ሰይፉ ብርሃን ነው፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑለት ጠላት እንደ ቅጠል ይረግፋል። ሰው ሁሉ በራሪውን ይወዳል። ሰው ሁሉ የወደደውን መውደድ ስለሚያደክመኝ እኔ የከባዱ ወገን ነኝ።

የበራሪው ጠበቃ ቡራዩ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው ወዳጄ ነበር። ከሱቁ ጓዳ፣ ከጥቅል ጨርቆች መሀል፣ አሮጌ ቴሌቪዥንና ከእሱ የማይሻል የጌም ማሽን ነበረው። የቀትር ሶላቱን ሰግዶ ሲመለስ ጆይስቲኩን ያነሳና «ና፣ ያንን ቆርቆሮህን ይዘህ ና» ይለኛል።

«ቆርቆሮ ቢሆንም ሲመታ ይሰማል።»

«እስኪዞር እኮ ምሳዬን በልቼ እመለሳለሁ!»

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የእርሻ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ሲመጣ ለክርክራችን ሰፊ ጊዜ አገኘን። አድማ በተጠራ ቀን ሱቁን የከፈተ ከወጣቶቹ ድንጋይ ያገኘዋል፤ የዘጋ ደግሞ በሹሞቹ ይታሸግበታል። የታሸገ ሱቅ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም፤ ወዳጄ ደግሞ ከዚያች ሱቅ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። የሰፈራችን ነጋዴዎች መላ አበጁ፦ ከሁለቱ የብረት በሮች አንዱን መክፈት፣ አንዱን መዝጋት። ወጣቶቹ የተዘጋውን፣ ሹሞቹ የተከፈተውን ያዩልናል ተብሎ ነው። ስለ ገለልተኝነት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚያ በር የተሻለ ማብራሪያ ግን አልገጠመኝም።

በአንዱ የአድማ ጠዋት ድምፁን አጥፍተን በራሪውን ስንጫወት ሽማግሌው ጎረቤታችን ገቡ። ከሱቁ ጀርባ ያለውን ማሳ የሚያርሱት እሳቸው ናቸው፤ የፕላኑ ካርታ ማሳቸውን ይብላው አይብላው የነገራቸው የለም። «አካም ቡልተኒ?» ብለው ሰላምታ ሰጡንና በርጩማ ስበው ቴሌቪዥኑን ያዩ ጀመር።

«ይሄ እግሩ መሬት አይነካም?»

«አይነካም አባባ፣ ውበቱ እሱ ነው» አለ ወዳጄ።

«ታዲያ ምኑን ነው የሚጠብቀው?»

በዓመታት ክርክር ያላገኘሁትን ደጋፊ በአንድ ጥያቄ አገኘሁ። ወዳጄ ግን ቸኮለ፦ «የሱ ደግሞ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው አባባ፤ አንዴ ሲዞር ይመሻል።»

«እሱማ ሰነፍ በሬ ነው» አሉ። ደጋፊዬን እዚያው አጣሁት።

በዚህ መሀል በሩ ጨለመ። ማሸጊያ ወረቀትና ሙጫ የያዘ ሹም፣ ከኋላው ፖሊስ።

«ይሄ ሱቅ ለምን ተዘጋ?»

«ተከፍቷል እኮ» አለ ወዳጄ።

«ግማሹ ተዘግቷል።»

ወዳጄ ስለ ዛገ ማጠፊያ መቀባጠር ያዘ። እኔ «ክፍት» የሚባለው ምን እንደሆነ ላስረዳ አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠኝ። ሹሙ ወረቀቱን ሙጫ መቀባት ጀመረ።

«እኔ ነኝ ያስዘጋሁት» አሉ ሽማግሌው ከተቀመጡበት። «ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ።»

ደጅ ደመና ነበር።

«አባቴ፣ አንቱ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ለልጄ ሠርግ ጨርቅ ልገዛ ነዋ። ጨርቅ ቤት ሌላ ምን ይሠራል?»

ሹሙ ሰማዩን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አየር ላይ የተገተረውን ሮቦት አየ። ሙጫውን ከደነና ወደሚቀጥለው ሱቅ አለፈ።

ወዳጄ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። «ተነስ፣ ተነስ። ይልቅ ጨርቁን አውርድ» አሉት።

«የምን ጨርቅ?»

«የሠርጉን ነዋ! በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ ልወጣ ነው?»

«ይውሰዱት አባባ፣ ስጦታ ነው።»

«በስጦታ ከወሰድኩማ አልገዛሁም፤ ዋሸሁ ማለት ነው። ዋጋ ጥራ፣ እኔም እከራከርሃለሁ።»

ተከራከሩ። እሳቸው ጨርቁን ናቁ፣ ተቆጡ፣ በወጉ ተነስተው እስከ ግማሹ በር ሄደው ተመለሱ። ገና ከሞት የተረፈው ወዳጄም ነጋዴነቱ መጣበትና «ወላሂ አያዋጣኝም!» እያለ ይምል ጀመር። እንዲህ ያለ ጠበኛ ምስጋና አይቼ አላውቅም። ልጅቱን ማን እንደሚያገባት ስጠይቃቸው «ጨርቁ ተገኘ፣ ባሉ የት ይሄዳል?» አሉኝና ጥቅሉን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

ወዳጄ ላቡን ጠርጎ ቁጭ አለ። ጆይስቲኩን አላነሳም። የበራሪውን ሲዲ ከማሽኑ አወጣና እጁን ዘረጋልኝ።

«ቆርቆሮህን አምጣው። ዛሬ የትም አንበርም።»

ለሮቦቱ እግር መምረጡ ላይ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። በመጨረሻ ከነበሩት ሁሉ ሰፊውንና ከባዱን አነሳ። እኔ እንኳ ይሄስ በዛ ልለው ነበር፤ ተውኩት።