በገዛ ስሟ

ጤናዬ የሻው ኳስ የጀመረችው አሶሳ አጠገብ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። አባቷ የሻው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭኖ መጥቶ እዚያው ጎጆ ቀለሰ፤ እሷም ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ተወለደች። «ሴት ልጅና ኳስ ምንና ምን ናቸው?» ያሉ አልጠፉም። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ በግራ መስመር እሷን አልፎ ኳስ ይዞ የሚሄድ ወንድ እንኳ ከስንት አንድ ነበር።

ያሠለጠናት ጁምዓ ነው፤ ከመንጌ የመጣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ፣ የስፖርት መምህር። አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም። «ጤናዬ፣ አንተ ጎበዝ ነህ፣ ወላሂ» ይላታል፤ እሷም ደስ ይላታል።

ክልሉ ያኔ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም። ለክልሎች የሴቶች ውድድር ቡድን ሲመረጥ አንድ ኃላፊ ዝርዝሩን አየና «ይቺ የሰፋሪ ልጅ ናት፤ ተወላጅ ይቅደም» ብሎ ስሟን ሰረዘው። ልብ በሉ፣ እትብቷ የተቀበረው ከቢሮው የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። የቡድኑ አሠልጣኝ የነበረው ጁምዓ በንዴት ጨሰ፤ ጨሰና አንድ ስሕተት ሠራ። የገዛ ልጁ አስያ ከተመረጡት አንዷ ነበረች፤ በልምምድ ላይ ቁርጭምጭሚቷን ወለም ብሏት ተኝታለች። «የአስያን መታወቂያ ያዝ» አላት ጤናዬን። ፎቶው እንደሆነ ሻሽና ጥላ ነው፤ ማን ልብ ብሎ ያያል?

ሄደች። አምስት ጨዋታ ተጫወተች፤ በእሷ በኩል አንድ ጎል አልገባም። ከሜዳ ዳር «አስያ» ሲሏት መዞር እየረሳች «ይቺን ልጅ ጆሮዋን ያማታል እንዴ?» ተብሏል። አሶሳ በተመለሱ በወሩ ከብሔራዊ ቡድን ደብዳቤ መጣ። «አስያ ጁምዓ፣ ቁጥር ሦስት፣ አዲስ አበባ ትቅረብ» ይላል።

ያ ስሟን የሰረዘው ኃላፊ ከደስታው ብዛት መሬት አልበቃው አለ። ጤናዬ እውነቱን ስትነግረው ደግሞ ላብ አጠመቀው። «ዝም ብለሽ በዚሁ ስም ሂጂ። ፓስፖርቱም በዚሁ ይወጣል። ከተናገርሽ ውጤታችን ይሰረዛል፣ ጁምዓ ይነሳል፣ አንቺም ትታገጃለሽ» አላት። አባቷን አማከረችው። «ልጄ፣ እኔ ከወሎ ስመጣ ይዤ የመጣሁት ስሜን ብቻ ነው» አላት የሻው፤ «ዕድልሽን ግን አልዘጋም፤ ያንቺን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ።»

ደብዳቤውን ይዛ ሄደች። ሃያ ምናምን ተጫዋች ተሰልፎ ዋናው አሠልጣኝ «አስያ ጁምዓ» ብሎ ሲጠራ ወደፊት ወጣች። «አስያ አሶሳ ናት፤ ያኔም እግሯን ታማ ቀርታለች። የተጫወትሁት እኔ ነኝ፤ ጤናዬ የሻው እባላለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ከፈለጋችሁኝ በስሜ፣ ካልፈለጋችሁኝ የመጣሁበት አውቶብስ ይመልሰኛል።»

መለሳት። የአንድ ዓመት እገዳ ተከናንባ ገባች፤ የክልሉም ውጤት ተሰረዘ፤ ጁምዓም ከአሠልጣኝነቱ ተነሳ። ገበያ ስትወጣ «ክልላችንን ያዋረደች» እያሉ ፊት ነሷት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል፤ እስኪጠራ ድረስ ብርዱን የሚችለው ማን እንደሆነ ግን አይነገርም። ከፍቷታል፣ አልቅሳለች፣ አንገቷን ግን አልደፋችም። ከሁሉ የከበዳት የጁምዓ ነገር ነበርና ቤቱ ድረስ ሄዳ «ጋሽ ጁምዓ፣ ሥራዎን አሳጣሁዎት» አለችው።

«ኸላስ፣ በቃ። እኔ ነው ያጠፋ። አንተ ኳስ ያዝ፣ ና» አላት።

ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ ሁለቱ ብቻ፣ ያለ ቡድን፣ በባምባሲ መንገድ ሲሮጡ የከተማው ሰው ሳቀባቸው። ይሳቅ።

እገዳው ሲያልቅ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ወሰዳት። በሁለተኛው ዓመት ያው የመለሳት አሠልጣኝ ራሱ ጠራት፤ በስሟ። ስምንት ዓመት ያገሯን ማሊያ ለብሳ በግራ መስመር ቆማለች፤ ናይሮቢም፣ ካምፓላም፣ አክራም። ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ አንድ የራዲዮ ጋዜጠኛ «አገርሽ የት ነው?» አላት።

«አሶሳ።»

«አይ፣ ማለቴ ዘርሽ ከወዴት ነው?»

«አሶሳ አልኩህ። ሌላ ልጨምርልህ?»

አሶሳ ላይ ጁምዓ ራዲዮኑን ታቅፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ጉልበቷ እምቢ ሲላት ተመልሳ የክልሉን የሴቶች ቡድን ያዘች። የመጀመሪያውን ዝርዝሯን ይዛ ቢሮ ስትገባ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ ጥያቄው ግን ያው የድሮው ነበር። «ከእነዚህ ውስጥ ተወላጆቹ ስንት ናቸው?» አላት።

ወረቀቱን መልሳ ተቀበለችው። ከባምባሲዋ ሐዊ ጀምራ፣ በረኛዋን ቡሴን ጨምራ፣ እስከ መጨረሻዋ የሰፋሪ ልጅ ድረስ እያንዳንዷን ስም በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

«አሥራ ስምንት» አለችው።

«በጠቅላላው የጻፍሻቸውስ?»

«አሥራ ስምንት።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እስኪፈርም ድረስም አልተነሳችም።