በካርቶን ላይ ያስተማርኩት ታይፕ

ደባርቅ ውስጥ በነበረ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት የታይፕ መምህርት ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ ክፍሌን ከፍተው ያሳዩኝ ዳይሬክተሩ ራሳቸው ነበሩ። ከወዳጅ አገር የመጡ የጽሕፈት መኪናዎች ጥቁር ሽፋን ለብሰው በየጠረጴዛው ተቀምጠዋል። አንዱን ልገልጥ እጄን ስዘረጋ፣ «ቀስ በይ ጓድ» አሉኝ።

«ላየው ብዬ ነው።»

«ጉብኝት ሲመጣ ታዪዋለሽ። የሕዝብ ንብረት ነው፤ ሕዝብ እንዳይነካው አደራ።»

«ታዲያ ተማሪዎቹ በምን ይማራሉ?»

ከቁም ሳጥኑ የፊደል ገበታ የተሳለባቸው ካርቶኖች አወጡ። «በዚህ። የቀለም ሪባን አይጨርስም።»

በካርቶን አስተማርኩ። ተማሪዎቹ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ የእጅ አንጓቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እያንዳንዱ ጣት ቦታውን ያውቃል። መኪናው መስመር ሲያልቅ የሚያሰማው ደወል አለው፤ ካርቶን ግን የለውምና «ቅጭል» የምለው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሁሉም ግራ እጃቸውን አንሥተው የሌለውን ማንሻ ወደ ቀኝ ይገፋሉ። ውሎ አድሮ ራሳቸው በኅብረት «ቅጭል» ማለት ጀመሩ። ከውጭ ለሚሰማን ዜማ የምንማር እንመስል ነበር።

ባለቤቴ ታደሰ እዚያው ብረታ ብረት ያስተምር ነበር። ዛሬ በሕይወት የለም፤ ስለ እሱ ስጽፍ እጄ ይዘገያል። «የአንቺዎቹስ ካርቶን አላቸው» ይለኝ ነበር፤ «የእኔዎቹ የሚበይዱት በጠመኔ ነው።»

ከተማሪዎቼ ሁሉ ፈጣኑ አስረስ ነበር። ያኔ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያልያዘ ወጣት ለውትድርና ይታፈሳል። ታላቅ ወንድሙ በአፈሳ ሄዶ አልተመለሰም። በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ እህል የሚሸጡት እናቱ ወይዘሮ ብርቄ አንድ ቀን መጡ።

«እትዬ፣ ይህ ልጅ ሥራ ይይዛል፣ ወይስ እንደ ወንድሙ ይሂድብኝ?»

«ይይዛል። ጣቱ ፈጣን ነው።»

«እሱስ አዎ። በእንቅልፉ እንኳ አልጋውን ሲደበድብ ነው የሚያድር።»

ዳባት አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ይፈልጋል ሲባል ይዤው ሄድኩ። ፈታኙ አቶ ካሳ የሚባሉ ሽማግሌ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። አስረስ እንዳስተማርኩት ተቀመጠ፤ ቁልፎቹን እንደ ላባ ዳሰሳቸው። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ወረቀቱን ጾም አዋልከው እኮ። መታ መታ አድርገው እንጂ» አሉት።

መታው። መስመሩ አለቀና መኪናው ደወለ። አስረስ እጁን አነሣና ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት?»

«መኪናው ነው፤ ቀጥል» አልኩት። እሱም በአፉ «ቅጭል» ብሎ፣ ከማንሻው በላይ አየሩን ወደ ቀኝ ገፋ።

አቶ ካሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጁ ጎበዝ ነው። መኪና ብቻ አያውቅም። እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታውን አቆይለታለሁ፤ አስለምጂልኝ።»

አንዱን መኪና እንዲከፍቱልን ብለምናቸው፣ ዳይሬክተሩ ግን «አይሆንም፤ ንብረት ያልቃል» አሉ።

በማግሥቱ ታደሰ ቢሯቸው ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። «ጓድ ዳይሬክተር፣ ጎብኚዎች ቢመጡና ‹እስቲ አንድ ተማሪ ይጻፍልን› ቢሉ ምን እናሳያቸዋለን?»

ዳይሬክተሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ማን ነው የሚመጣው?»

«እኔ ምን አውቄ። የሚያስፈራው ያልተነገረው ጉብኝት ነው።»

ከሰዓት ሳያልፍ ሽፋን እንዲነሣ ታዘዘ፤ ለትምህርት ሳይሆን ለትርኢት ልምምድ። ትእዛዙም «አንዱ ብቻ ይመታል፤ ሌሎቹ የሚመቱ መስለው ይቀመጡ» የሚል ነበር። ለመሪ ተዋናይነት አስረስን መረጥኩ። ጓደኞቹ መምሰልን ከእኛ ዘንድ ተምረው ስለነበር አልተቸገሩም።

አስረስ የትንሽ ጣቱ ጫፍ እስኪያብጥ መታ። ለመተው የተቸገረው «ቅጭል» ማለቱን ነበር። ታደሰ አጠገቡ ቆሞ፣ አፉን በከፈተ ቁጥር «ዝም በል፣ እሱ ይናገር» ይለዋል። ዳይሬክተሩ በየቀኑ በመስኮት መንገዱን ያያሉ፤ ከሊማሊሞ ወጥቶ የሚያልፈው የጭነት መኪና ብቻ ነበር።

ወሩ ሳያልቅ ዳባት ተመለስን። አስረስ ደብዳቤውን ጻፈ፤ አቶ ካሳ አንብበው ማኅተም አደረጉበት። ደብዳቤው የራሱ የቅጥር ደብዳቤ ነበር።

ወይዘሮ ብርቄ አንድ ቁና ገብስ ይዘው መጡ። «ይህ ለእናንተ ነው» አሉን። «ለዚያ ሳይመጣ ለቀረው እንግዳም እግዜር ይስጥልኝ።»

እንግዳው እንደማይመጣ ሲታወቅ ሽፋኑ ተመለሰ። ሌሎቹ ተማሪዎቼ በካርቶን ተመረቁ። ጥቂቶቹ ሥራ አገኙ፤ ብዙዎቹን አፈሳው ወሰዳቸው።

መንግሥት ሲለወጥ መኪናዎቹ አንድም ሳይጎድል ተገኙ፤ ሁሉም እንደ አዲስ ነበሩ። ተማሪዎቼ ግን ጎድለዋል።

ዛሬ ለሚያስተምሩ የምለው አጭር ነው። ተማሪው የሚሠራበትን ዕቃ ይንካው። ቢሰብረውም ይጠገናል። እኛ ዘንድ ታደሰ ነበር፤ መጠገን ያውቅ ነበር።