አንድ ክንድ የአበባ መደብ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ዳሊያ እየቆረጥኩ ነበር። ሁለት ናቸው፤ አንደኛው መሣሪያ የያዘ ጎልማሳ፣ ሌላው ንጹሕ ጃኬት የለበሰ ወጣት። ወጣቱ የአጥሩ በር ላይ ቆሞ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝና «እናቴ፣ መቀሱን ያስቀምጡት» አለኝ። አስቀመጥኩት። የቆረጥኳቸውን ውሃ ውስጥ ልክተታቸው ብዬ ብጠይቀው ፈቀደልኝ። ባልዲውን ጥላ ስር አድርጌ በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉን እሱ ተቀበለኝ።

ጥፋቴ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ አንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቼ «የታሰሩት ልጆች የት እንዳሉ ለእናቶቻቸው ይነገር» ማለቴ ነው። ሌላ የጨመሩበት ነገር ካለ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ባለቤቴ ሞቷል፤ አንዲት ልጄ ሩቅ አገር አግብታለች። የቀረኝ ግቢው ነበር። አበባ ላይ ግን ቀልድ አላውቅም። ረጃጅሙ ከኋላ ግንቡን ተደግፎ፣ መካከለኛው ከፊቱ፣ አጭሩ መንገዱ ዳር። ለመቁረጥ የሚሆነውን ደግሞ ከማድ ቤቱ ጀርባ ለብቻው እተክላለሁ፤ አለበለዚያ ለሠርግና ለማኅበር እየቆረጡ የፊቱን መደብ ራቁቱን ማስቀረት ነው። ባለቤቴ «አንቺ እኮ አበባውን ሰልፍ ነው የምታስይዢው» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ዳሊያው የእሱ ነው። በተጋባን ዓመት አንኮበር ከእናቱ ጓሮ ሥሩን ቆፍሮ፣ በጆንያ አድርጎ በአውቶቡስ ያመጣው ነው። ሥሩ ስኳር ድንች ይመስላል። አገራችን ውርጭ አለ፤ ስለዚህ የጽጌ ወር ሲያልቅ፣ ቁስቋም ሰሞን፣ ሥሩ ተቆፍሮ ቤት ይገባል፤ ገለባ ውስጥ ይከርማል። ያልወጣ ሥር ውርጭ ከመታው በስብሶ ይቀራል። አማቴ ካረፈች በኋላ የአንኮበሩ ጓሮ ተሽጦ ቤት ተሠርቶበታል። የዚያ አበባ ዘር እኔ ግቢ ብቻ ነበር የቀረው። እኔን የወሰዱኝ በጥቅምት ነው።

ያሰሩኝ እስር ቤት አልነበረም፤ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። በችፑድ ከፋፍለው ክፍል አድርገውታል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። አንድ ስፖንጅና አንድ ብርድ ልብስ ሰጡኝ። ማዳበሪያው ተነስቷል፤ ሽታው ግን እዚያው ነበር፤ አፍንጫ ይሰረስራል። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ሽታ ሳሸት ደስ ይለኝ ነበር፤ የተከላ ወራት ነዋ። መጠየቅ ስለተከለከለ ስንቅ የሚያመጣልኝ ሰው አልነበረም። ብቸኝነትን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ብቻዬን በልቼ ብቻዬን ተኝቻለሁ። ነገር ግን የቤቴ ብቸኝነት በሩ ከውስጥ ይከፈታል። ይኼኛው ሌላ ነው፤ እኔ የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው ያስፈራኝ።

መሸት ሲል ከችፑዱ ማዶ ሳል ሰማሁ። ከዚያ የሴት ድምፅ፦

«እቴ፣ አዲስ ነሽ?»

«አዲስ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም።

«አይዞሽ። የባሰ አያምጣ።»

ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማችን ዳር በሸራ ድንኳን ከሚኖሩት አንዷ ነበረች። ልጅሽ ጫካ ገብቷል፣ ያለበትን ተናገሪ ብለው ነው የያዟት። እሷ ጫካ አልገባም ትላለች። ስም አልተጠያየቅንም። እዚያ ቤት ስም የሚጠይቅ ሌላ ሰው ስለነበር፣ ሁለታችንም ለመጠየቅ አፋችን እሺ አላለንም።

«ምን ትሠሪ ነበር?» አለችኝ በማግስቱ።

«አበባ እተክላለሁ።»

«ይበላል?»

«አይበላም፤ ይቆረጣል።»

«ተቆርጦስ?»

«ብርጭቆ ውስጥ ይቆማል።»

ሳቀች። ከልቧ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሳል የሚቆራረጥ ሳቅ ነበራት። «ወይ ጉድ! ፍሬ ሳይዝ አበባ የሚቆርጥ ሰው ዛሬ ሰማሁ» አለች። ለእሷ አበባ ማለት የባቄላ አበባ፣ የቡና አበባ፣ ደጃፏ የነበረው ማንጎ አበባ ነው። አበባ ቆረጥሽ ማለት እህል አጠፋሽ ማለት ነው። እኔም ነገር አይቀርብኝ፣ ላስረዳት ተነሳሁ። አበባ ሲቆረጥ ከጎኑ ሌላ ያወጣል፤ በቆረጥሽው ቁጥር ይበዛል አልኳት።

«እኛስ ተቆርጠን መቼ በዛን?» አለች።

ያን ምሽት ሌላ አላወራንም።

በበነጋታው ግን ራሷ ጀመረችው። «እቴ፣ ድንኳኔ ደጃፍ አንድ ክንድ የምትሆን መሬት አለችኝ። ምን ብተክልባት ይሻላል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ምሽታችን ሁሉ በዚያች አንድ ክንድ መሬት አለቀ። ከኋላ ሸራውን ተደግፎ የሱፍ አበባ ይቆማል፤ ነፋስም ይከላከላል። ከፊቱ ኮስሞስ። ኮስሞስን ስላላወቀችው ቅጠሉ እንስላል ይመስላል፣ አበባው ሐምራዊና ነጭ ነው አልኳት። ዳሩን አጭሩ ብርቱካንማ አበባ ይይዘዋል።

«ጎመንስ የት ይገባል?» አለች።

«ጎመን አበባ አይደለም።»

«ካልበላሁት ያብባል።»

በጎመኑ ስንከራከር ሁለት ምሽት ፈጀን። በመጨረሻ ከዳር ጥግ ይግባ ብዬ ተሸነፍኩ። ውርጭን የማታውቅ ቆላ አደግ ነበረች፤ አምና አንድ ጠዋት ድንኳኗ ደጃፍ ባልዲዋ ላይ መስተዋት የመሰለ ነገር ረግቶ አግኝታ የሰው ሥራ መስሏት ደንግጣለች። ሰማዩ ጠርቶ ከመሸ አበባሽን ጆንያ አልብሺው አልኳት። ስለ ዳሊያዬም ነገርኳት። ሥሩ ገና መሬት ውስጥ እንደሆነ ስትሰማ «እኔን!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

አንድ ምሽት ስታለቅስ ሰማኋት። ከዚያ አፏን ችፑዱ ላይ ለጥፋ ልጇ ያለበትን ቦታ ነገረችኝ። ጫካ አልነበረም፤ ተቀጥሮ የሰው በግ ይጠብቃል። የቦታውን ስም እዚህ አልጽፈውም። ተናግራ እንደጨረሰች ደነገጠች፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ሰማሽኝ እንዴ?» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኳት።

ጃኬት ለባሹ ወጣት ያስጠራኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከሰዓት ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ፀሐይ ገብቷል። ሻይ አስመጣልኝ። ጠረጴዛው ላይ የቤቴ ቁልፍ ተቀምጧል።

«እናቴ፣ እርስዎ እዚህ የሚቆዩ ሰው አልነበሩም» አለኝ። «ከጎረቤትዎ ጋር ስታወሩ እንደምታመሹ ዘበኛው ነግሮኛል። ልጇ የት እንዳለ ይንገሩኝና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ።»

ሻዩን ፉት አልኩ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

«ሰማዩ ጠርቷል። ዛሬ ውርጭ መውረዱ አይቀርም። ዳሊያውን ገና አላወጡትም አይደል? የራሴ እናትም ትተክላለች፣ አውቀዋለሁ። ዛሬ ካልወጣ አለቀለት።»

ለመናገር አልተፈተንኩም ብል ውሸት ነው። አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው፤ የአንድ ቦታ ስም። ከመሸም በፋኖስ ቆፍሬ አወጣው ነበር። ባለቤቴ ጆንያውን ተሸክሞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ታየኝ። ቁልፉን አየሁት፤ ቁልፉም ያየኝ መሰለኝ። በእውነት ቤቴን ፈለግሁ።

«የምናወራው ስለ አበባ መደብ ነው» አልኩት። «ልንገርህ?»

ብዕሩን አነሳ።

«ስፋቱ አንድ ክንድ ነው። ከኋላ ሱፍ ይቆማል። ከሱፍ ፊት ኮስሞስ፤ ግን ተራርቆ ነው የሚተከለው፣ ከተጠጋጋ ይወድቃል።» እንዲህ እያልኩ ከኋላ ወደፊት አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩለት። ውሃ መቼ እንደሚጠጣ፣ የደረቀው እንዴት እንደሚለቀም፣ ሁሉንም። ጎመኑ ላይ ስደርስ ቀና አለ።

«ጎመን?»

«ጎመን። እኔም አልተስማማሁም ነበር።»

ብዕሩን ከደነ። ቁልፉን አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አልጮኸብኝም፤ «ሻይዎን ይጨርሱ» ብቻ አለኝ። ጨረስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትነካው በውስጥ በኩል የረጋው ውርጭ ቀልጦ ፊቴ ላይ ተንጠባጠበ። ያኔ አወቅኩ። ብርድ ልብሱን አፌ ውስጥ ወትፌ አለቀስኩ፤ ድምፄ ማዶ እንዳይሰማ።

«እቴ፣ ውርጭ ወረደ» አለች ከማዶ። «ያንን ሥር የሚያወጣልሽ ሰው አለሽ?»

«አውጥተውልኛል» አልኳት።

«ተመስገን። ትናንትስ የት ወሰዱሽ?»

«ሻይ ሊያጠጡኝ።»

ሳቀች። ያ ሳቅ ለእኔ ብዙ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማዶው ዝም አለ። «እቴ» ብዬ ተጣራሁ። ችፑዱን አንኳኳሁ። ዘበኛውን ብጠይቀው «ሌሊት ወስደዋታል» አለ፤ የት እንደሆነ እሱም አያውቅም። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው እውነተኛው እስር። ቀኑን ሙሉ መደቡን በልቤ እተክላለሁ፤ «ከዚያስ?» የሚለኝ የለም።

እኔንም አንድ ቀን ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ቁልፌን ሰጥተው ለቀቁኝ። ግቢዬ ስገባ ባልዲው ውስጥ የተውኳቸው አበቦች ጥቁር ውሃ ሆነዋል። ዳሊያው የተቃጠለ መስሏል። ሥሩን ቆፈርኩት፤ እጄ ላይ ፈረሰ። አንድም የተረፈ የለም። ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ባሌን ሁለተኛ ቀበርኩት።

ዛሬ ዳሊያው በነበረበት ቦታ አንድ ክንድ የሚሰፋ መደብ አለ። ሱፍ ከኋላ፣ ኮስሞስ ከፊቱ፣ ዳሩ ብርቱካንማ፣ ጥግ ላይ ጎመን። የቀረውን ግቢ እንደ ድሮው ለሠርጉም ለማኅበሩም እቆርጣለሁ። ያንን ግን አልቆርጥም፤ ያፈራል፣ ወፍ ይበላዋል፣ የቀረውን ዘር በጨርቅ እቋጥራለሁ።

ዘንድሮ ቋጠሮውን ይዤ ድንኳኖቹ ዘንድ ሄድኩ። ሴቶች ተሰብስበው የሽሮ እህል ሲያበጥሩ አገኘሁ። ሰው እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«ስሟ ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«መልኳስ?»

«አላየኋትም።»

ተያዩ። አንዷ አዘነችልኝ መሰለኝ ጠጋ አለች። «እንዲያው አንድ ምልክት የላትም? ልጅ የላትም? ልጇ የት እንዳለ እንኳ ብትነግሪን እናፈላልግልሽ ነበር» አለችኝ።

የቦታው ስም ምላሴ ላይ ነበር። ብናገረው ምናልባት እስከ ማታ አገኛት ነበር። ከሴቶቹ ኋላ የቆመው ማን እንደሆነ፣ ከእነሱ አፍ ወደ ማን ጆሮ እንደሚሄድ አላውቅም።

«አላውቅም» አልኩ። «አበባ መቁረጥ አትወድም።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ የማውቀው ሳቋን ብቻ ስለሆነ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። የእሷ አልነበረበትም።

ዘሩን በየእጃቸው አካፈልኳቸው። ሱፉ ከኋላ፣ ሸራውን ተደግፎ አልኳቸው። አንዲቱ እጇ ላይ ያለውን ዘር እያየች «እትዬ፣ ከጥጉ ጎመን ብንጨምርበትስ?» አለችኝ።

«ይገባል» አልኳት።