ዲጅኖው ያሳበቀብኝ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው በአባቱ ቤት፣ በገዛ ወለሉ ላይ ቆሞ እንዴት እንደ ሌባ ይመረመራል?

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በጸሐፊነት የምሠራበት መሥሪያ ቤት ጣሊያን ትቶት የሄደ ሕንፃ ነበር። ቀን ሙሉ የሸክላ ንጣፍ ስረግጥ ውዬ ቤቴ ስገባ፣ እናቴ በእበት የለቀለቀችው ወለል አላስደስት አለኝ። በዚያ ላይ የማኅበር ተራዬ ደርሷል። እስከ እሑድ ቤቴ ሸክላ ይለብሳል ብዬ ለማኅበርተኛው ሁሉ ለፍፌአለሁ። የእኔን ምላስ ማን ይያዘው!

ያመጣኋቸው ግንበኛ ሽማግሌ ናቸው። ሸክላውን ዞር ብለው አላዩትም። ወለሉን በዲጅኖ በየስንዝሩ እየወጉ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ።

«አያ፣ ወለል ነው እንጂ በሽተኛ መሰለዎ?»

«በሽተኛስ ነው። እዚህ ጋ ሆዱ ባዶ ነው። ተቆፍሮ ካልተሞላ ሸክላህ ይሰምጣል።»

ነደድሁ። «እናቴ ስትለቀልቀው የኖረችውን ወለል! ከድንጋይ ይጠነክራል!» ብዬ፣ ላሳያቸው፣ አልጋው ከተነሣበት ጥግ ላይ ዘለልሁ። ሁለተኛ አልዘለልሁም። እስከ ብብቴ ሰመጥሁ።

እናቴ ከበሩ ሥር ምስር እየለቀመች ነበር። «ምነው ልጄ፣ እህል ከጣሊያን የደበቅንበት ጉድጓድ አይደል? አባትህ በድንጋይ ሙላው ያለህ?»

ነው እንጂ። ጣሊያን ሲወጣ ሙላ ተባልሁ። እኔ ገለባ ጎሰጎስሁበት፣ ጭራሮ ረበረብሁበት፣ አፈር አለበስሁት፤ እናቴም ሳታውቅ ለቀለቀችው። አባቴ «ጠቅጥቀኸዋል?» ሲለኝ «እንዴታ!» አልሁ። አምኖኝ ሞተ።

ግንበኛው እጃቸውን ይሰጡኛል ስል፣ «ከገባህ አይቀር ገለባውን አቀብለን» አይሉኝ መሰላችሁ! ይህ ድፍረት አይደለም?

እስከ ቅዳሜ ድንጋይ ተሸከምሁ። በየድርድሩ ከላይ ሆነው «ጠቅጥቀኸዋል?» ይሉኛል። ያችኑ የአባቴን ቃል! ማን ነገራቸው? እየተሳደብሁ ጠቀጠቅሁ።

እሑድ ሸክላው እንደ ተቆለለ ማኅበርተኛው መጣ። ባዶ አፈር ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘን ተቀበልን። አንዱ ገና ሳይቀመጥ፣ «የታል ሸክላው?» አለ።

አፌን ሳልከፍት እናቴ፣ «ከታች ጀምሯል» አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በገዛ ቤቴ፣ ጠላዬን ይዘው! ተናድጄ ያችኑ ጥግ በእግሬ መታሁ። ወለሉ ንቅንቅ አላለም።